ከዓምዱ የሰፋው ቀመር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ሌላው ቀን። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ ቆሜ ደረስኩ። ቢሮ ስገባ ኮማ ሻዩን ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሟል። እውነተኛ ስሙን የሚጠራው የለም። አራሚያችን ነው፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከገጽ ላይ ከጎደለች ሳያገኛት ምሳ አይወርድለትም።

የመጽሔቱ አዲስ ጽሑፎች ገብተዋል። የእኔ ሥራ ያው ነው... ምሁራኑ የጻፉትን ወስዶ ገጽ ላይ ማስቀመጥ። መጽሔታችን በሁለት ዓምድ ነው የሚወጣው። ግራና ቀኝ ጽሑፍ፣ መሀሉ ላይ ጠባብ ባዶ መንገድ። ለንባብ ጥሩ ነው፤ ዓይን አይደክምም። ለቀመር ግን... ጠባብ ቤት ውስጥ ረጅም ሶፋ እንደማስገባት ነው። በሩ ላይ ማዘንበል፣ ማዞር፣ እግሩን መንቀል።

ሦስቱ ጽሑፎች በሰላም ገቡ። አራተኛው ስለ ድምፅ ነው፤ ድምፅ በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚመላለስ። መጨረሻው አካባቢ አንድ ቀመር አለ። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ከግራው ዓምድ ይነሣል፣ መሀሉን መንገድ ያቋርጣል፣ የቀኙን ዓምድ ጽሑፍ ረግጦ ያልፍና ከወረቀቱ ጠርዝ ይወጣል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ዝም ብዬ አየሁት። ሰው ምን ሊል ቢፈልግ ነው ይህን ያህል የሚያስረዝመው?

ቤት ስገባ አባባ ቴሌቪዥን እያዩ ነበር፤ ድምፁን ዘግተው። የባለቤቴ አባት ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። ከወጥ ቤቱ በር ሆኜ "ደህና አመሹ አባባ" አልኩ። ዝም። ሰሃን ሳቀርብም ዝም። እንዲህ ከሆኑ ወራት አልፈዋል።

"አልሰሙኝም እንዴ?" አልኩት ባለቤቴን።

"የጆሮ መስሚያቸውን አድርገዋል እኮ። ይሰማሉ።"

ይሰማሉ። እንግዲያው ምን አድርጌያቸው ይሆን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ቀኑን ሙሉ ከቀመሩ ጋር ስታገል ዋልኩ። መጀመሪያ አሳነስኩት። ዓምዱ ውስጥ ገባ... ግን ፊደሎቹ አቧራ መሰሉ። ኮማ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ወስዶ ገለባበጠው።

"ይህን ማንበብ የሚችል ጉንዳን ብቻ ነው" አለ። "እሱም ዓይኑ ገና ያልደከመ።"

ዋና አዘጋጁ ጋ ወሰድኩት። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። በሁለቱም ዓምዶች ላይ ልዘርጋው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

"የለም" አሉ። "ይህ መጽሔት ከተጀመረ ዓምዶቹ ተከፍተው አያውቁም። አንባቢው የት እንዳለ ይጠፋዋል። ቁረጪና ደርድሪው።"

ቆረጥኩት። ዓምዱ ባለቀበት ሁሉ ቁርጥ። አራት መስመር ወጣው። ግራና ቀኙ እኩል፣ ንጹሕ... ደስ አለኝ እንዲያውም። ጽሑፉን የጻፉት ምሁር እንዲያዩት ላክኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ስልክ ተደወለልኝ።

"አንቺ ነሽ ቀመሬን የከተፍሽው?"

የትልቅ ሴት ድምፅ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም ሳቅ ቢጤ አለው። የድምፁን ጽሑፍ የጻፉት ፕሮፌሰር ናቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ዓምዱ ጠባብ መሆኑን ነገርኳቸው።

"እስቲ አንብቢልኝ።"

"ወረቀቱ እጅዎ ላይ የለም?"

"አለ ይሉኛል። ዓይኔ ከጠፋ ግን ቆይቷል። የምታነብልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ እሷም ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ተሳደበች።"

ይህን ያህል ዘመን ቀመር ሳስቀምጥ ኖሬ አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። ለእኔ ቅርጽ ነው። ይህ ሰፊ፣ ያኛው ረጅም፣ ይህ ደግሞ አናቱ ላይ ትንሽ ቁጥር የተሸከመ። እንዲያው ነገርኳቸው። ሳቁ።

"እንግዲያው ያየሽውን ንገሪኝ።"

ጀመርኩ። እኩል ይሆናል... ቅንፍ ይከፈታል... አንድ ሲካፈል...

"ለርቀቱ" አሉ። "ቀጥዪ።"

ሁለት ምልክት ስጠራ እሳቸው አሥሩን ይጨርሱታል። ወረቀት የለም፣ ዓይን የለም። ያ ከወረቀት ተርፎ የሚፈስ ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ተቀምጧል። ልፈትናቸው ብዬ ከመሀል ዘልዬ ገባሁ... የት እንዳለሁ ወዲያው አወቁ። ከኋላ ጀመርኩ። አልሳቱም። ጸጉሬ ቆመ።

"አሁን ስታነቢ ትንፋሽ ወሰድሽ" አሉ። "የት ነው የወሰድሽው?"

"መስመሩ ያለቀበት።"

"እሱ እኮ ከቅንፉ ውስጥ ነው። ሰው 'እናቴ ነገ ትመ' ብሎ፣ ተንፍሶ፣ 'ጣለች' ይላል?"

ስልኩ ተዘግቶም እጄ እላዩ ላይ ቀረ። ኮማ "ማን ሞተ?" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ቅንፍ ቤት ነው ብለውኛል፤ ውስጡ ያሉት አብረው የሚኖሩ ናቸው፤ ግማሾቹን ውጭ ማሳደር አይቻልም... ይህንኑ ሳስብ የባለቤቴን ነጭ ሸሚዝ ከልጃችን ከሚጣ ቀይ ካልሲ ጋር ነከርኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። በሩን ሲዘጋ ደግ ነገር አያመጣም።

"አባባ እህቴ ጋ ልሂድ እያሉ ነው። በሁለት ሳምንት መኪና ይዛ ትመጣለች።"

"ለምን?"

መሬት መሬቱን አየ።

"ንገረኝ እንጂ።"

"'ሚስትህ አታናግረኝም' አሉ።"

የያዝኩትን ሰሃን አስቀመጥኩ፤ እንዳልጥለው። እኔ? ጠዋት እንደምን አደሩ፣ ማታ ደህና አመሹ፣ ሻይ ይጨመር ወይ፣ መስኮት ይዘጋ ወይ... የማይመልሱት እሳቸው። ስንት ቀን ነው ፊቴን በውሃ ታጥቤ የወጣሁት፣ ማልቀሴ እንዳይታወቅ?

"ስናገር አንተ ትሰማለህ አይደል?"

"እሰማለሁ።"

"እና አልነገርካቸውም?"

"ነገርኳቸው። 'እሺ' አሉ። ስለምን እንደነገርኳቸው የገባቸው ግን አልመሰለኝም።"

ሚጣ ሰምታ ኖሮ ማታ አልጋዋ ላይ "አባባ የሚሄደው በእኔ ጫጫታ ነው?" አለችኝ። አይደለም አልኳት።

ሰው ከቤቴ ተቀይሞኝ ሊወጣ ነው። የማላውቀው ጥፋት... እንዴት ይካሳል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ፕሮፌሰሯ ደወሉ። "በስልክ አይሆንም፤ ነይና ቀመሩን ላሰማሽ።" ላሰማሽ? ላሳይሽ ማለታቸው መሰለኝ።

ዋና አዘጋጁን አስፈቀድኩ። "ሂጂ" አሉ፤ "ብቻ የት እንደሚቆረጥ ጠይቀሽ ተመለሺ።"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከየት ልጀምር?

የተቀጣጠርነው ፕሮፌሰሯ በሚያስተምሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው። የእህታቸው ልጅ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ረጅም፣ ማስቲካ የምታኝክ፣ ቀልደኛ። "ከታፊዋ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። ፕሮፌሰሯ ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበዋል። ሰላም ብለው የያዙትን እጄን ሳይለቁ እየመሩኝ ሄዱ። እሳቸው እኔን።

መጀመሪያ ያስገቡኝ ባዶ ክፍል ነው። ወንበር እንኳ የለውም። ሴራሚክ ወለል፣ ልስን ግድግዳ፣ አንዱ ጎን ሙሉ የመስኮት መስታወት።

"ዓይንሽን ጨፍኚ" አሉና አንዴ አጨበጨቡ።

ጧ... ከዚያ ደግሞ እንደ ተመታ ሽቦ የሚርገበገብ ነገር ኮርኒሱ ሥር ትንሽ ቆየና ሞተ።

"ስንት ጭብጨባ ሰማሽ?"

"አንድ።"

"ብዙ ነው። መጀመሪያ የደረሰሽ ከእጄ በቀጥታ የመጣው ነው፤ ያቺ አንድ ሲካፈል ለርቀቱ ያልሽኝ። በራቅሽ ቁጥር ትቀጥናለች። ቀጥሎ ከዚህኛው ግድግዳ ነጥሮ የመጣው። ከዚያኛው። ከወለሉ። ከኮርኒሱ። እነዚህ ቶሎ ስለሚደርሱ ጆሮ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርጎ ይቀበላቸዋል፤ ያግዙታል እንጂ አይጎዱትም። ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳና ግድግዳ እርስ በርስ ማውራት የሚጀምሩት። የነጠረው ተመልሶ ይነጥራል፣ እሱም ይነጥራል... ይህ ጅራቱ ነው። የቀመሬ የመጨረሻው ትልቅ ቅንፍ እሱ ነው።"

ዓይኔን ጨፍኜ እንደቆምኩ ቀመሩን ለማየት ሞከርኩ። ያ ሁሉ ርዝመት... ለካ የክፍል ርዝመት ነው። እያንዳንዱ መደመሪያ አንድ ግድግዳ ነው። እኔ ግድግዳ መሀል ላይ መጋዝ ሳስኬድ ነበር። እና ይህ ነገር እኔ በገባሁበት ክፍል ሁሉ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ቃል ከአፌ በወጣ ቁጥር ዙሪያዬን ሲሮጥ የኖረ ነው? ማንም ሳይነግረኝ?

እንደገና አጨብጭቡልኝ አልኳቸው፤ እንደ ሕፃን። አጨበጨቡ። አሁን ጅራቱን ለብቻው ሰማሁት። አንዴ ከሰሙት በኋላ አለመስማት አይቻልም።

ከዚያ የእህታቸው ልጅ ጥግ ሄዳ ጋዜጣ አነበበች። ድምፅ አለ፤ ቃል የለም። ቃሎቹ እንደ እርጥብ ቀለም አንዱ ባንዱ ላይ ይፈሳሉ።

"ምን አለች?" አሉኝ።

"እንጃ።"

"ጆሮሽ ጤነኛ ነው?"

"ነው።"

"እንግዲህ ጆሮው የደከመን ሰው አስቢው። መስሚያ ቢያደርግም የሚያጎላለት ሁሉንም ነው፤ ሰውየውንም ጅራቱንም። ጫጫታው ይጨምራል እንጂ ቃሉ አይጠራለትም። ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው። ክፍል ሳይሠራ በፊት ጅራቱ ስንት እንደሚሆን ማወቅ ይቻላል።"

የእኛ ሳሎን... ወለሉ ሴራሚክ። ግድግዳው ባዶ። የመስኮቱ መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ። እኔ ደግሞ ከወጥ ቤቱ በር፣ ከሩቅ፣ ድስት እያንኳኳሁ፣ በዚች ቀጭን ድምፄ...

ፕሮፌሰሯ ዝምታዬን ሰሙት።

"ማን አለሽ?"

"የባለቤቴ አባት።"

"ወለላችሁ ምንድን ነው?"

"ሴራሚክ።"

"ምንጣፍስ?"

"ልጄን አቧራ ስላሳላት አወጣነው። መጋረጃውንም።"

ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ወደ ቢሮአቸው ሄድን። መጽሐፍ፣ ካፖርት፣ ትራስ፣ አሮጌ ሶፋ... እዚያ አጨበጨቡ። ጥ። አለቀ። ጅራት የለም። እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ውስጥ የራሴን ስም ሹክ ቢሉኝ ከጥግ እሰማለሁ።

የመጣሁበትን ረስቼው ነበር። ስወጣ እሳቸው አስታወሱኝ። "ቀመሩ የግድ መቆረጥ ካለበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከጅራቱ በፊት። እዚያ ጆሮ ራሱ ይቆርጠዋል።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ቀመሩን ለካሁት። ከጅራቱ በፊት ያለው ብቻውን አንድ ዓምድ አይበቃውም። ሁለቱንም ዓምድ ከከፈትኩ ግን ልክ ይገባል፤ ጅራቱም ከሥሩ በሌላ መስመር ይተኛል። መክፈት ነው እንግዲህ... ተከልክያለሁ። ቢሆንም ልሞክር፤ አይተው ይከልክሉኝ።

ገጹ መሀል ላይ ዘረጋሁት። አማረበት። ለኮማ ሰጠሁት፤ እሱ አንባቢ ነው፣ ለማንም አያዳላም። ግራውን ዓምድ እያነበበ ወረደ፣ ቀመሩ ላይ ደረሰ፣ ተሻግሮ ወደ ታች ቀጠለ፣ ግንባሩን ቋጠረ።

"ስለ ግድግዳ እያነበብኩ ድንገት የምስጋና ቃል ውስጥ ገባሁ" አለ። "ግድግዳውን ነው የሚያመሰግኑት?"

ዋና አዘጋጁ እውነታቸውን ነው። ዓይን ቀመሩ ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ ዓምድ አናት ይውጣ ወይ ወደ ታች ይውረድ አያውቅም። ከላይና ከታች ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ አሁንም ጠፋ። ለካ ለዓይንም መንገድ ይሠራለታል...

አባባ ዛሬም ከሁላችን ቀድመው በልተው ክፍላቸው ገቡ። እስካሁን ምንም አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም። ባለቤቴ ካልሲ ሲያጣጥፍላቸው አየሁ፤ ለጉዞ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አውቶቡስ ላይ ነው የመጣልኝ። ቀመሩን ገጹ መሀል ለምን አስቀምጣለሁ? የሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ላድርገው። ከላዩ ጽሑፍ ከሌለ የሚጠፋ ዓይን የለም። ሁለቱ ዓምዶች ከሥሩ ይጀምራሉ፤ እንደ ሁልጊዜው ግራ ከዚያ ቀኝ። እሱ እላያቸው ላይ እንደ ጣሪያ ይዘረጋል።

አንድ ነገር ብቻ። ጽሑፉ "ከዚህ በታች እንደሚታየው" ይላል። አሁን ከታች የለም። ፕሮፌሰሯ ጋ ደወልኩ፤ "በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ" ይባል ወይ?

"አናት ላይ ውጣ የተባለ ሰው ምን ይከፋዋል?" አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ረጋ አለ። "ጅራቱ ሲወርድ መደመሪያው የት ነው ያለው? የፊተኛው መስመር መጨረሻ ወይስ የኋለኛው መጀመሪያ?"

"የኋለኛው መጀመሪያ።"

"ለምን?"

"ወደ ታች የወረደ ሰው... ነገሩ እንዳላለቀ እንዲያውቅ።"

"አሁን ከዳር እስከ ዳር አንብቢልኝ" አሉ። አነበብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እዚያው በቦታው፣ ተነፈስኩ። ወዲያ ማዶ እሳቸውም ሲተነፍሱ ሰማሁ።

ኮማ አነበበው። ሳይቆም ሁለቱን ገጽ ጨረሰ። ነጠላ ሰረዝ ብቻ ጨመረልኝ፤ ካልጨመረ አይሆንለትም።

ዋና አዘጋጁ ገጹን ፊታቸው ዘረጉት። ጣታቸውን በቀመሩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተቱት።

"ምንድን ነው የሚለው?" አሉኝ። ስለ ቀመር ይዘት ጠይቀውኝ አያውቁም።

ነገርኳቸው። ይህ በቀጥታ የሚመጣው ነው። ይህ ግድግዳው፣ ይህ ሌላው፣ ይህ ወለሉ፣ ይህ ኮርኒሱ። ይህ ደግሞ ጅራቱ። ስናገር ራሴን እሰማለሁ... እኔ ነኝ እንዴ ይህን የምናገረው? ዋና አዘጋጁ ቀና ብለው የቢሮአቸውን ኮርኒስ አዩ። ሰፊ ነው፣ ባዶ ነው። ቀስ ብለው አንዴ አጨበጨቡ። አዳመጡ። ከዚያ ኅዳጉ ላይ "ይለፍ" ብለው ጻፉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ባለቤቴና ሚጣ ገበያ ሄዱ። ሳሎኑ መሀል ቆሜ አጨበጨብኩ። ያው ነው። ምድር ቤት ያለው ክፍል፤ ሶፋ የገባበት ብቻ።

አባባ በረንዳ ላይ ነበሩ። ወንበር ወስጄ አጠገባቸው፣ ፊት ለፊታቸው፣ ጉልበታችን ሊነካካ ተቀመጥኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ዓይኔን አይደለም፤ አፌን። ከዚህ በፊት እንዴት አላስተዋልኩም?

"እንደምን ዋሉ አባባ?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ወንበሬን አዩ። "ዛሬ ምን ተገኘ?"

"ምን ተገኘ ማለት?"

"ካናገርሽኝ ስንት ጊዜሽ።"

"በየቀኑ ነው የማናግርዎት።"

"የት ሆነሽ?"

"እዚያ። ከወጥ ቤቱ በር።"

ዞረው በሩን አዩት። እንደ አዲስ ነገር።

"እዚያ ቆመሽ አፍሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ" አሉ። "ለልጅቷ የምትናገሪ ይመስለኝ ነበር።"

ለምን አልነገሩንም አልኳቸው።

"ምን ብዬ? ተንከራትታችሁ ያመጣችሁልኝን መስሚያ አይሠራም ልበል? ይሠራል እኮ። ማንኪያው ይሰማኛል። በሩ ይሰማኛል። የወንበሩ እግር አናቴን ነው የሚመታኝ። ሰው ብቻ ነው የማይለይልኝ።"

እጃቸውን ይዤ ሳሎን አስገባኋቸው። አጨበጨብኩ። ሰሙ ወይ? ሰማሁ አሉ። ያ ጭራው፣ ያ የሚርገበገበው፣ ቃሌን የሚበላው እሱ ነው አልኩ፤ ጆሯቸው ሥር ሆኜ። ስለ ፕሮፌሰሯ ነገርኳቸው። ስለ ቀመሩም።

"ዓይናቸው አያይም?"

"አያይም።"

"ይህን በጆሯቸው ደረሱበት..." ባዶውን ግድግዳ ዞረው ዞረው አዩት። "እኔ ደግሞ የጠላሽኝ ነበር የመሰለኝ።"

"እኔም እርስዎ።"

ሁለታችንም ወለሉን አየን። ምን ይባላል? የስንት ወር ሰላምታ እዚያ ወለል ላይ ፈስሶ ቀርቷል።

ቢሆንም ለሴት ልጃቸው ቃል ሰጥተዋል። "ክፍል አሰናድታ ትጠብቀኛለች" አሉ። አልተከራከርኳቸውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ምንጣፉ ታጥቦ ተመለሰ። መስታወቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ። መጋረጃ ባልደረሰበት ግድግዳ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። የመጽሐፍ መደርደሪያውን ከመኝታ ቤት ገፍተን አመጣነው፤ ጠረጴዛውን ከመስታወቱ አራቅነው፣ ወደ ወጥ ቤቱም አስጠጋነው፤ ወፍራም ጨርቅ አለበስነው።

"ቤቱን ፍራሽ ቤት አደረግሽው" አለ ባለቤቴ። ሚጣ በየጥጉ እያጨበጨበች ውጤቱን ትናገራለች። "እዚህ ጋ ሞቷል። እዚህ ጋ ገና በሕይወት አለ።" በሕይወት ያለበት ሌላ ብርድ ልብስ።

ተአምር አልሆነም። ሁላችንም ባንዴ ስናወራ አባባ አሁንም ይጠፋባቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ሚጣ ሕግ አወጣች፤ አንድ ሰው ሲያወራ ሌላው ያኝካል። መጀመሪያ የተቀጣው አባቷ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ገባ። ከእጄ ወጣ።

ጆሮዬ ግን አላርፍ አለኝ። የቢሮው ደረጃ ሲወጡት ይዘምራል። የምድር ውስጥ መተላለፊያው ጅራት ብቻ ነው፤ ሰዎች እየተጯጯሁ ያልፋሉ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲሞላ ድምፁ ይለዝባል፤ ለካ ካፖርታችን ነው፣ ገላችን ነው። ሰው ራሱ ድምፅን የሚያበርድ ነገር ነው። ይህን እያሰብኩ ፌርማታዬን አለፍኩት።

ይህ ሁሉ እንዴት አንድ መስመር ውስጥ ይገባል? እሺ፣ ሁለት መስመር።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

የባለቤቴ እህት በምሳ ሰዓት መጣች። ሳሎኑን አይታ ግራ ገባት። "ልትለቁ ነው እንዴ?" አለች ብርድ ልብሶቹን እያየች። ሚጣ በሙሉ ክብር አስረዳቻት።

ምሳ ላይ አባባ መሀል ተቀመጡ። ልጃቸው ስለ አዘጋጀችላቸው ክፍል ታወራለች፣ እሳቸው አፏን እያዩ ይሰማሉ። ሲጨርሱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"የቤትሽ ወለል ምንድን ነው?"

"እብነ በረድ ነዋ" አለች፤ ኩራት ቢጤ ባለው ድምፅ። "አምና ነው ያስነጠፍነው።"

"ምንጣፍስ?"

"ለእብነ በረድ ምን ምንጣፍ ያስፈልገዋል?"

አባባ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ እሷን። "ለጥየቃ እመጣለሁ" አሉ። "ለመኖር ግን እዚሁ ይሻለኛል። ደግሞ አትቀየሚኝ። ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ።"

ተቀየመች ትንሽ። ወንድሟን ገላመጠችው፤ እሱ ተራው ስላልነበረ ያኝካል። ማንም ምንም ከማለቱ በፊት ሾርባ ልጨምር ብዬ ተነሣሁ። ድስቱ ላይ ቀመስ አደረግኩ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኜ፣ ለራሴ፣ ከአፌ ገና ሳይወጣ በሚባል ድምፅ "ጨው አብዝቼበታለሁ መሰለኝ" አልኩ።

"አብዝተሽበታል" አሉ አባባ ከጠረጴዛው።

ጭልፋውን ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴ ማኘኩን ተወ። እህቱ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች።

"ምን አለች?" አለቻቸው።

"ጨው አብዝቼበታለሁ ነው የምትለው። እውነቷን ነው።" ባዶ ሰሃናቸውን አንሥተው ወደ እኔ ዘረጉ። "ይሁን፣ ጨምሪልኝ።"